ገናን ወደ ቅዳሜ አታዙሩብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሙኒክ ጀርመን ነው። ዘንድሮ ገና ሊደርስ ሰሞን እዚህ ባለን የቫይበር ግሩፕ ላይ «ገና ረቡዕ ስለዋለ ቅዳሴው በቀኑ ይሁን፣ ድግሱንና የልጆቹን ፕሮግራም ግን ቅዳሜ እናድርገው» የሚል መልእክት ተላከና እስካሁን ይከነክነኛል። የጻፉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ ስራ አልመች ብሏቸው ነው፣ ግን እኔ አልስማማም።

ጀርመኖች ገናቸውን እንዴት እንደሚይዙት በቅርብ አይቻለሁ። አራት እሁድ ሲቀረው ከጽድ ቅጠል የተጎነጎነ ክብ ነገር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና በየእሁዱ አንድ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ፣ ዲሴምበር 6 ደግሞ የቅዱስ ኒኮላስ ቀን ነው ልጆች ማታ ጫማቸውን በር ላይ ትተው ጠዋት ለውዝና ቸኮሌት ያገኙበታል፣ ዲሴምበር 24 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ሁሉ ይዘጋና መንገዱ ጭር ይላል። ማክሰኞ ዋለ ሐሙስ ዋለ ወደ ቅዳሜ እንግፋው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

የምሰራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በነሱ ዋዜማ እራቱ ቋሊማና ድንች ሰላጣ ነው፣ እኔ ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆንኩ ድንቹን ብቻ ልብላ ብል እሱም በዚህ አካባቢ በስጋ መረቅ ነው የሚሰራው! አንዷ የስራ ባልደረባዬ ይሄን ካየች በኋላ በዓመቱ ቅቤና እንቁላል የሌለው ብስኩት ለብቻዬ ጋግራ በትንሽ ቆርቆሮ አመጣችልኝ። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ስምምነት አለን፣ ዲሴምበር 24 እና 25 እኔ እገባላታለሁ እሷ ልጆቿ ጋ ትሆናለች፣ ጃንዋሪ 7 እሷ ትገባልኛለች። በጽሁፍ የተደረገ ነገር የለም፣ አንድም ዓመት ግን አላጎደለችብኝም።

ይሄ ስምምነት ሳይኖረን በፊት ግን እኔም እንደሌላው ቅዳሜ ነበር የማከብረው። እዚህ ባቫሪያ ጃንዋሪ 6 በዓል ነው ሁሉም ዝግ ነው፣ የኛ ቀን ጃንዋሪ 7 ግን ስራ ነው፣ እንደ ዘንድሮም ትምህርት ቤት ልክ በዛው ቀን የሚከፈትበት ጊዜ አለ። አንድ ዓመት በገና ቀን ጠዋት ልጄን ቦርሳውን አሸክሜ ሰደድኩት፣ ማታ ሲመጣ አስተማሪዋ ገናን እንዴት አሳለፋችሁ ብላቸው ጓደኛው ቤት ያየውን ዛፍ እንደነገራት አወራኝና «ማሚ የኛ ገና እኮ ቅዳሜ ነው አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? እንደዛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤቱ ቀደም ብዬ የሃይማኖት በዓላችን ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ያለምንም ችግር ፈቀዱልኝ። ለካ ያልተሰጠን ስላልጠየቅን ነው።

የዘንድሮውን ዋዜማ ልንገራችሁ። ሱቅ እንደሚዘጋ ስለማውቅ ዶሮዋን አስቀድሜ ከቱርኮቹ ሱቅ ገዝቼ አስራ ሁለት ብልቷን አውጥቼ ጨርሻለሁ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ቤቱን ሽታው አውዶታል፣ በሩ ተደወለ። ስከፍት ሦስት ልጆች የወረቀት ዘውድ ደፍተው ኮከብ በእንጨት ይዘው ቆመዋል። ሰብአ ሰገል መሆናቸው ነው፣ ጃንዋሪ 6 ሲቃረብ በየቤቱ እየዘመሩ ለችግረኛ ልጆች ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ በዚህ አገር ከ1959 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ ነው። ዘመሩልን፣ ልጄ ሳጥናቸው ውስጥ ሳንቲም ከተተ፣ ትልቁ ልጅ ተንጠራርቶ በራችን አናት ላይ በጠመኔ 20 ሲ ኤም ቢ 26 ብሎ ጻፈ፣ ቁጥሩ ዓመቱ 2026 ነው፣ ፊደሎቹ ደግሞ በላቲን ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ የሚለው ቃል መነሻ ናቸው። ልጄ ዞር ብሎ «የኛ ገና እኮ ነገ ነው» አላቸው በጀርመንኛ፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔ ማማሰያ እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን መጥተን ፈሰክን፣ ገና ረቡዕና ዓርብም ቢውል ይበላል'ኮ፣ ታዲያ ለምን ቅዳሜ?

ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ጾሙ ሲገባ ገና በፈረንጅ ስንት እንደሚውልና ቀኑ ምን እንደሆነ ጎላ አድርጋችሁ አትሙልን፣ ውጭ አገር ፈቃድ የሚጠየቀው ቀደም ተብሎ ነው። ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ካለፈ በኋላ ያለው ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም ጻፉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ በ2012 አንዲት ጓደኛዬ ታኅሣሥ 29 ብላ በስልኳ ቆጥራ ጃንዋሪ 8 ፈቃድ ወስዳ ገናን ስራ ላይ ዋለች፣ በማግስቱ ቤቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው የደረስኩት።

የ2019 ገና ጃንዋሪ 7 ሐሙስ ነው። እኔ ለባልደረባዬ ከአሁኑ ነግሬአታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሙኒክ