የጣልኳት 4

ውድ ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ይህን ያህል መጥፋቴ ያሳፍራል፣ ሰበብ አልደረድርም። ዛሬ የጻፍኩልህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው።

ያ የመጨረሻው ክርክራችን ትዝ ይልሃል? ወረርሽኝ በሁለት መንደር እንዴት እንደሚዛመት ስናሰላ፣ “በመንደሮቹ መካከል ያለው ንክኪ ከውስጡ ያንሳል፣ እንተወው” ብዬ ድርቅ ያልኩበት። አንተም ተናደህ ደብተርህን ይዘህ ወጣህ።

ሰሞኑን እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ። በየመንደሩ 10 ሕመምተኛ አለ እንበል። አሥሩ በራሳቸው መንደር 7 ሰው ያስይዛሉ። ሰባቱ ደግሞ 5 ገደማ። እንዲህ እያለ ይጠፋል። እኔ የተኩራራሁት በዚህች ነበር። ግን እነዚያው አሥሩ ጎረቤት መንደር ውስጥ 4 ሰው ቢጨምሩስ? 7 ከራስ፣ 4 ከጎረቤት፣ በየመንደሩ 11 ሆነ። ቀጥሎ 12። ለየብቻ የሚከስም በሽታ አብረው ሲሆኑ ነፍስ ዘራ!

የወባው ደግሞ ባሰ። ወባ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ወይም በንክኪ አይሄድም፣ ከትንኝ ወደ ትንኝም አይሄድም። ያለው ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው መሻገሪያው ብቻ ነው። በኔ ስሌት ቢሆን ወባ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አይኖርም ነበር። ወባን ያጠናው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ግን ትንኝን በሙሉ ማጥፋት እንደማያስፈልግ፣ ቁጥሯን ከአንድ ወለል በታች ማውረድ እንደሚበቃ በሂሳብ አሳይቷል።

የወረርሽኝን ስርጭት በሂሳብ ያሰሉት ከርማክና ማክኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ሕዝቡን ሁሉ እንደ አንድ የተቀላቀለ ነገር አድርገው ነው የጀመሩት። ለመነሻ ያስኬዳል። ከርማክ እኮ በ1924 በላቦራቶሪ ፍንዳታ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። እኔ ዓይኔ እያየ 4ቱን ጣልኩ።

አሁን የማሰላስለው ስለ ኩፍኝ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚይዘው ሰው አጥቶ ይጠፋል፣ ከዚያ ከትልቁ ከተማ ተመልሶ ይገባል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግርም ያለኝ ግን ንክኪው በጣም ሲጠነክር የሚሆነው ነው። ከተሞቹ አብረው ይታመማሉ፣ አብረው ይድናሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝቅ ካሉ በሽታው ከየት ይመለሳል? ስለዚህ መገናኘቱ ሲበዛ አንዳንዴ ማጥፋቱን ያቀልለዋል ማለት ነው። ወይስ ተሳሳትኩ?

ያን ደብተር መቼም አልጣልከውም። ሦስተኛ መንደር ልትጨምርበት ጀምረህ ነበር። ቁጥሮቹን ላክልኝ፣ በዚህኛው ዙር ምንም አልጥልም።

ያንተው