ጥለቱ ለምን ይለቅ ነበር? ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰላም ናችሁ?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠየቃችሁን። በሳምንት ይደርስ የነበረ ነጠላ አሁን ለምን አስር ቀን ይፈጃል? በቀጥታ እንንገራችሁ፤ ለሠራተኞቻችን የምንከፍልበትን መንገድ ስለቀየርን ነው።

የጥለቱን ክር ኮምቦልቻ ውስጥ ራሳችን ነን የምንነክረው። ቀድሞ ነካሪዎቻችን የሚከፈላቸው በኪሎ ነበር። ብዙ የነከረ ብዙ ያገኛል። የጥጥ ክር ግን ቀለም የሚይዘው ጨውና ሙቀቱ ሲበቃው፣ ጊዜም ሲያገኝ ነው። ሲጣደፉበት ብዙው ቀለም ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ክሩ ላይ ያለውም በደንብ ሳይታጠብ ይወጣና እናንተ ቤት በመጀመሪያው አጠባ ጥለቱ ለቆ ነጩን ያበላሸዋል። ውሃውስ? ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ቦርከና ወንዝ። ቦርከና ደግሞ እኛ ጋ አያቆምም። ጨፋ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው።

ጥፋቱ የነካሪዎቹ አልነበረም፣ የእኛ የአሠሪዎቹ ነው። «ወንዛችንን እንጠብቅ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር። ክፍያው ግን «ፍጠኑ» ይላቸው ነበር። ሰው የሚሰማው የቱን ነው? ማጣሪያ ገንዳም ሠራን፣ ግን አከፋፈሉ ያው ስለነበር ብዙም አልፈየደም።

አሁን ሁሉም ቋሚ የወር ደሞዝ አለው። ቦነሱ የሚታሰበው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ጠርቶ ሲወጣ ነው፣ የሚከፈለውም ለቡድኑ በሙሉ ነው። አዲስ የሚቀጠር ሰው ፍጥነቱ አይታይም፤ መጀመሪያ ቀለም በሚዛን መመዘንና የተረፈውን ቀለም ለፈዛዛ ክር መልሶ መጠቀም ይማራል። ጓንት ከሌለ ሥራ ማቆም ይችላል፣ ደሞዙ አይነካም።

ሌላም አለ፣ ይሄ በጣም ይቆጨናል። ልምድ ያላቸው ነካሪዎቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ አላቸው። በኪሎ ስንከፍል ግን ይህን በወጉ አስልተን አልከፈልንም። ከወለዱ በኋላ ሳይመለሱ የቀሩ አሉ፣ ስንት ዓመት የለመዱትም ሥራ አብሯቸው ሄደ። አሁን ደሞዛቸውም ቦታቸውም ይጠብቃቸዋል።

ዋጋው ትንሽ የጨመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከእኛ ገዝታችሁ ጥለቱ የለቀቀ ነጠላ ካላችሁ አምጡት፣ እንቀይርላችኋለን። ለኢድ ወይም ለሠርግ የምታዙ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ንገሩን። አብሽሩ፣ ይደርሳል።