ዳካር ራሊን ቅዳሜ አብረን እንይ

ሰላም ጓዶች፣

የዳካር ራሊን የሞተር ውድድር ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ አብረን እናያለን። ቦታው ያው የተለመደው ካፌ፣ ፎቅ ላይ። ውድድሩ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳውዲ ስለሆነ ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት የለም።

ለአዲሶች፦ ቀድሞ የገባ ሁሉ አያሸንፍም። ሞተረኞቹ በየተራ ይነሳሉ፤ የሚቆጠረው የሁሉም ቀን ሰዓት ድምር ነው። ፊት የተነሳው ባዶ አሸዋ ላይ መንገዱን ራሱ ይፈልጋል፤ ከኋላ ያለው የሱን የጎማ ዱካ ያያል። በ2023 ኬቨን ቤናቪደስ ቶቢ ፕራይስን የበለጠው በ43 ሰከንድ ብቻ ነው። ያውም ከ14 ቀን ውድድር በኋላ!

ፕሮጀክተር ማን አለው? ኤክስቴንሽን እኔ አመጣለሁ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «አለሁ» በሉ፣ ወንበር ልያዝ።