ሁለቱ ጆይስቲክ የት ገቡ? የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የኮምፒውተር ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሙጥኝ ያለው አንድ ጌም ላይ ነው፤ ሮቦትሮን 2084። «ክበቡ ፕሮግራም መጻፊያ አልነበረም እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ ባልደረቦች ስላሉ ከዚያው ልጀምር። የተጫወትነው ለማወዳደር ነው። አንድ ጌም ከተሠራለት ማሽን ተነስቶ ቤት ውስጥ ወዳለ ኮንሶል (የጌም መጫወቻ ማሽን) ሲዛወር ምን ይጎድልበታል፣ ምንስ ይተርፈዋል? ይህን በሰሌዳ ላይ ከማስረዳት ልጆቹ በእጃቸው ቢሞክሩት ይሻላል ብዬ ነው። (ጨዋታ ባይኖርበት ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማን ይቀር ነበር?) ኮንሶሎቹን ያዋሰን አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ነው፤ ሁሉንም በደህና መልሰናል።

ጌሙን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ሮቦትሮንን በ1982 ለአርኬድ (በሕዝብ መጫወቻ ቦታ ለሚቆም ትልቅ የጌም ማሽን) ያወጣው ዊሊያምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የነደፉት ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዲማር ናቸው (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪኩ አጭር ነው። ዘመኑ 2084፣ ሮቦቶች በሰው ልጅ ላይ ተነስተዋል፤ የተረፈው አንድ ቤተሰብ ነው። ተጫዋቹ ግድግዳም መደበቂያም በሌለው አንድ ስክሪን መሃል ቆሞ ከየአቅጣጫው የሚጎርፉትን ሮቦቶች እየተኮሰ፣ እየተሽሎከሎከ እናት፣ አባትና ልጅ ያድናል። የመተኮሻ ቁልፍ የለም። ያሉት ሁለት ጆይስቲኮች (በእጅ የሚገፉ ዘንጎች) ብቻ ናቸው፤ የግራው ያስኬዳል፣ የቀኙ ይተኩሳል፤ ሁለቱም በስምንት አቅጣጫ። ወደ ግራ እየሸሹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ እየሮጡ ወደ ጎን መተኮስ ይቻላል። ጌሙን ጌም ያደረገው ይኸው ነው።

ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የጆይስቲኮቹን አመጣጥ ነው። ጃርቪስ የመኪና አደጋ ደርሶበት ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ ነበር። ይወደው በነበረው በርዘርክ (1980) ደግሞ ጆይስቲኩ አንድ ነው፤ የሚተኮሰው በቁልፍ ሲሆን ተጫዋቹ እየተኮሰ መራመድ አይችልም። በጀሶ የታሰረ እጅ ቁልፍ ሊደበድብ አይችልም፤ ጆይስቲክ መግፋት ግን አያቅተውም። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲሰማ «ስለዚህ ጌሙ የተሠራው ለተጎዳ እጅ ነው፤ እኛ ግን በጤነኛ እጅ አቃተን» አለ። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤታችን የሚነገር አልነበረም።

ሥራውን የጀመርነው በሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ኮንሶል ምስል፣ ድምፅ፣ ፍጥነትና አያያዝ የሚሉ አራት ዓምዶች፣ ለየዓምዱ እኩል ነጥብ። ሠንጠረዡ በመጀመሪያው መንፈቅ አጋማሽ ላይ ጉድ አወጣ። አንደኛ የወጣው በ1996 ከሌሎች የዊሊያምስ ጌሞች ጋር ተጠርዞ የወጣው የፕሌይስቴሽኑ ሆነ፤ ተጫዋቾቹ ግን ከሁሉ ቶሎ የሚሞቱት በዚያው ላይ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ተከራከርን። የፕሌይስቴሽኑ እንደ አዲስ የተጻፈ ጌም አይደለም። ኮንሶሉ የአርኬዱን ማሽን እያስመሰለ ዋናውን ፕሮግራም ራሱን ያስኬዳል፤ ስለዚህ የዋናው ስህተቶች ሳይቀሩ አብረው ይመጣሉ። ለምሳሌ በአምስተኛው ዙር ሰው እየያዙ ወደ ጠላትነት የሚለውጡ «ብሬይን» የሚባሉ ሮቦቶች ይመጣሉ። በዚያ ዙር ብዙ እናቶችና ማይኪ የሚባል አንድ ልጅ አሉ። ብሬይኖቹ እናቶቹን ሁሉ ትተው ማይኪን ብቻ ያሳድዳሉ፤ የፕሮግራሙ ግድፈት ነው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ማይኪን ሳያነሳ፣ ከብሬይኖቹም እየጠበቀ እናቶቹን አንድ በአንድ ይለቅማል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ነጥብ ከ1,000 ተነስቶ እስከ 5,000 ስለሚያድግ ትርፉ ቀላል አይደለም። ሌላ ማሽን ላይ እንደ አዲስ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሊያስተውለውም ላያስተውለውም ይችላል።

ታዲያ ፕሮግራሙ ዋናው ሆኖ ሳለ ጨዋታው ለምን ያ አልሆነም? የዚያን ጊዜው የፕሌይስቴሽን መቆጣጠሪያ ጆይስቲክ አልነበረውም። በግራ የአቅጣጫ ቁልፍ፣ በቀኝ ደግሞ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስና አራት ማዕዘን የተሳለባቸው አራት ቁልፎች አሉ። አራቱ ቁልፎች የቀኙን ጆይስቲክ ተክተው አራት የመተኮሻ አቅጣጫ ይሆናሉ። በሰያፍ ለመተኮስ በአንድ አውራ ጣት ሁለት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ከአንዱ ሰያፍ ወደ ተቃራኒው ለመዞር ጣትን አንስቶ ማሻገር ግድ ነው፤ ጆይስቲክ ላይ ግን የእጅ አንጓን ማዞር ብቻ ይበቃል። በዚያች ቅጽበት ነው የሚሞተው።

ከዚህ ጋር ያነጻጸርነው የ1983ቱን የአታሪ 5200 (አታሪ የተባለው ኩባንያ የቤት ኮንሶል) ቅጂ ነው። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ የተጻፈ፣ ምስሉ ሻካራ ነው። ነገር ግን ካርትሪጁ (ጌሙ ያለበት ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ ሳጥን) ሲሸጥ ሁለት መቆጣጠሪያዎችን ጎን ለጎን ቀርቅሮ የሚይዝ ፕላስቲክ ማቀፊያ አብሮት ይመጣ ነበር። አታሪዎች ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የሚያሳዝነው የ5200 ጆይስቲክ ሲለቁት ወደ መሃል አይመለስም፤ አንዲት ተማሪ «ሊጥ ውስጥ የተተከለ ማንኪያ» ብላዋለች። መልሶ መሃል ላይ ማቆም የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ያም ሆኖ ከለመዱት በኋላ የልጆቹ ውጤት በፕሌይስቴሽን ካገኙት በለጠ።

ክርክሩን ያባሰው ሊንክስ ነው። ይህ በ1989 የወጣ የአታሪ የእጅ ኮንሶል ነው፤ ሮቦትሮን የመጣለት በ1991። እዚህ ላይ የአርኬዱን ሆድ ዕቃ ማየት አስፈለገን። የአርኬዱ ፕሮሰሰር ሞቶሮላ 6809 ሲሆን ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ብቻውን ቢሆን ያንን ሁሉ ሮቦት በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ ምስሎችን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ በፍጥነት የሚገለብጡ ልዩ ቺፖች ተጨመሩለት፤ ፕሮሰሰሩ ያዛል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ሊንክስ ውስጥም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ክፍል አለ። ካየናቸው የዚያ ዘመን ኮንሶሎች በአሠራሩ ለአርኬዱ የቀረበው ይህ በኪስ የማይገባ የኪስ ማሽን ነው! ሮቦቶቹም ሳይንገዳገዱ ይጎርፋሉ። ያለው ግን አንድ የአቅጣጫ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ለመሄድም ለማነጣጠርም እሱው ስለሆነ መተኮሻውን ለማዞር የሌላ ቁልፍ እርዳታ ያስፈልጋል። ስክሪኑም 160 በ102 ነጥብ ብቻ በመሆኑ ማይኪንና ሮቦቱን ለመለየት ዓይን ማጥበብ ግድ ነው። በእኔ ግምት ሊንክስ ለዚህ ጌም ሁሉ ነገር ነበረው፤ ሁለተኛ እጅ ሲቀር።

ስለ አታሪ 7800 ብዙ የምለው የለኝም። ማሪያ የተባለው የምስል ቺፑ ብዙ ተንቀሳቃሽ ነገር ይችላል፤ ድምፁ ግን ከ1977ቱ አታሪ 2600 የተወረሰ ቺፕ ስለሆነ፣ ለድምፅ ለብቻው ፕሮሰሰር የተመደበለትን አርኬድ የሰማ ጆሮ አይረካም። ሁለት ጆይስቲክ ይቀበላል፤ የእኛ ማቀፊያ ስላልነበረው የዕደ ጥበብ ክበብ ልጆች ጣውላ ቆርጠው ሠሩልን። ያ ጣውላ ጠረጴዛ ላይ ከታሰረ በኋላ የ7800 ወረፋ ረዘመ። እኔም ከድሮዎቹ ሁሉ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ሠንጠረዡ ተለወጠ። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የአያያዝ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ከሚደመር ይልቅ ይባዛባቸው አለች። አያያዙ ዜሮ ከሆነ የምስሉ ማማር ምን ይጠቅማል ነው ነገሩ። የሒሳብ መምህራችን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ክብደት ስለመስጠት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምረውልናል። በአዲሱ ስሌት ፕሌይስቴሽን ወረደ፣ ሊንክስ ከሥር ገባ፣ 5200ና 7800 ወደ ላይ ወጡ። ሁሉም አልተስማማም። ሁለት ልጆች «ዋናው ፕሮግራም ያለበት እያለ በኮፒ መበለጥ የለበትም» ብለው በልዩነት አስመዝግበዋል፤ ልዩነታቸው በክበቡ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አንደኛ የወጣው ማንም እንደሚገምተው በ2005 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ነው፤ ፕሮግራሙም ዋናው፣ ጆይስቲኩም ሁለት። ቢሆንም ሙሉ ነጥብ አላገኘም። የአርኬዱን ጆይስቲክ በመዳፍ ጨብጠው በክንድ ነው የሚገፉት፤ የኤክስቦክሱን ግን በአውራ ጣት ጫፍ። ጌሙ የሚያውቀው ስምንት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ጣት ትንሽ ሲንሸራተት ጥይቱ ከታሰበው ጎን ይሄዳል። ረጅም ሰዓት የተጫወቱት ልጆች አውራ ጣታቸውን ሲያሹ አይቻለሁ።

ለሚመጣው ዓመት ክበቡ የመረጠው ስማሽ ቲቪን (1990) ነው፤ ጃርቪስ ከማርክ ተርሜል ጋር የሠራው፣ ያው በሁለት ጆይስቲክ፣ ግን ለሁለት ሰው። የኔንቴንዶው የመጀመሪያ ኮንሶል ቅጂ አንድ ተጫዋች ሁለት መቆጣጠሪያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ለሁለት ተጫዋች አራት መቆጣጠሪያና አራቱን የሚያገናኝ ማከፋፈያ ያስፈልገናል ማለት ነው። ማከፋፈያው ያለው ወይም ያለበትን የሚያውቅ ሰው ካለ በኮምፒውተር ክፍሉ በኩል ቢነግረን ደስ ይለናል። ጣውላው አለ።