ለየኔታ በገና ቤት የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣ የአምባሰል ልጆችና ወዳጆች፣

ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ አሉ። ትንሹም ትልቁም «የኔታ» ይላቸዋል። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን። ገና በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። መምህራቸው ጣታቸውን ይዘው ዐሥሩን አውታር አንድ በአንድ እያስነኩ አስተማሯቸው። ዛሬ የሚደረድሩትን ሁሉ የያዙት በጆሯቸውና በጣታቸው ነው።

በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ቤታቸው ጢም ብሎ ይሞላል። የኔታ ደርድረው ብቻ አያበቁም። ትንሽ ይደረድራሉ፣ ይተርካሉ፣ ደግሞ ወደ በገናው ይመለሳሉ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሲያወሩ ትሏ ዛፉን ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትወጣለች። ጫፉ ላይ ልትደርስ ስትል ዝም ይሉና በገናቸውን ያነሣሉ። ልጆቹ ይንጫጫሉ። «አብሽሩ፣ ትደርሳለች» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ልጅ ቀርቶ አዋቂውም ከመቀመጫው አይነሣም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ስለ ግሸን የሚተርኩትን ነው። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን እንዴት አስቆፍራ እንዳገኘች፣ ግማደ መስቀሉም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ አምባው እንዴት እንደመጣ አባቶች እንዳወረሷቸው ይናገራሉ። ግሸን መስቀለኛ አምባ እንደሆነች ታውቃላችሁ። የኔታ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። መስከረም 21 ከምእመኑ ጋር እየወጡ ግን በእግራቸው ያውቋታል። ቅርጿን ለማሳየት የአንዱን ልጅ መዳፍ ይዘረጉና በጣታቸው መስቀል ይሠሩበታል። «በሩ በዚህ ነው፣ ገደሉ በዚህ በኩል ነው» እያሉ። ዓይን ያላቸው ብዙ ሰዎች ግሸንን እንዲህ አድርገው ሲያሳዩ አልሰማሁም።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መጥተው ይሰማሉ። ወሎ ነውና ይህ ማንንም አይገርምም። መንዙማ እየሰማ ያደገ ጆሮ የበገናን እርጋታ ቶሎ ይለምደዋል። እንዲያውም የአዲሶቹን በገናዎች የእንጨት ሥራ በነጻ እሠራለሁ ያለን አንድ ሙስሊም አናጢ ጎረቤታችን ነው። አላህ ይስጠው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። የኔታ አርጅተዋል። ከመምህራቸው የተቀበሏቸው ብዙ መዝሙሮች የትም አልተጻፉም። ትረካውም እንደዚያው። አንዳንዶቻችን በስልክ ለመቅረጽ ሞክረናል፤ ግን ስልክ የበገናን ወፍራም ድምፅ አይይዝም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ደብሩ በሰጠን ቦታ ላይ አንድ ክፍል ያላት በገና ቤት ለመሥራት ተነሥተናል። ጣሪያዋ ከውስጥ ኮርኒስ ይኖራታል። ልጆች ይማሩባታል፣ የኔታም እዚያው ተቀምጠው ይቀረጻሉ።

ለመጀመሪያው ዙር 6 በገና፣ አንድ ጥሩ የድምፅ መቅረጫና 2 ማይክ ያስፈልጉናል። ሁለት ማይክ ያልነው አንዱ ለበገናው፣ ሌላው ለየኔታ ድምፅ ነው። እሳቸው ሲተርኩ ድምፃቸውን በጣም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያ ዝቅታ ከጠፋ ታሪኩም ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። በምዝገባው ዓይነ ስውር ልጆች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በየቤቱ ተቀምጠው የቀሩ ልጆች አሉ። የኔታ ራሳቸው «እነሱን በመጀመሪያ አምጡልኝ፣ በምን እንደሚማሩ እኔ አውቃለሁ» ብለዋል።

ይህ ለየኔታ የሚሰበሰብ ምጽዋት እንዳይመስላችሁ። ሐሳቡን ስናቀርብላቸው «ለእኔ ከሆነ አትለምኑ። ለልጆቹ ከሆነ እኔም አብሬያችሁ እለምናለሁ» አሉን። ቃላቸውን አክብረናል። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አንድም ብር አይወጣም። የዋጋ ዝርዝሩ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ተለጥፏል። ሩቅ ላላችሁም ዝርዝሩንና የሒሳብ ቁጥሩን ለጠየቀን ሁሉ እንልካለን። የተገዛውን ዕቃ ደረሰኝም እንዲሁ።

ዐሥር ብርም ቢሆን እንቀበላለን፣ ስሙም ይመዘገባል። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው፤ ለግድግዳው ድንጋይ የሚያመላልስ፣ ጭቃ የሚያቦካ ሰው እንፈልጋለን። ደቦው ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል። ዋንዛ ያለው ግንድ ቢሰጠን ለበገናው እንጨት ይሆናል። ለዘመን መለወጫ በግ የምታርዱ ደግሞ አንጀቱን አትጣሉት። አውታር የሚፈተለው ከእሱ ነው። የኔታ የናይለን አውታር አይወዱም፣ «ይጮሃል እንጂ አያለቅስም» ይላሉ። የበሬ ቆዳም እንቀበላለን፤ በገናው የሚለበጠው በእሱ ነው። አንጀቱን አጥባችሁ፣ ቆዳውን በጨው አሽታችሁ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ላኩልን። ከኮሚቴው ሰው አይጠፋም።