ኮምፒውተር ሲገዛ ላይሰንሱም ይገዛ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አይቲ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ግዥ የሚወስኑ ሰዎች ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ ነው የምጽፈው።

የጨረታ ሰነዶቻችንን እዩ። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ የስክሪኑ ስፋት ሳይቀር ይዘረዘራል። ሶፍትዌሩ ጋ ሲደርስ ግን «ዊንዶውስና ኦፊስ የተጫነበት» ተብሎ ይታለፋል። ላይሰንስ፣ ማለትም ሕጋዊ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ስለሆነ የላይሰንሱን ሒሳብ በሐቅ የደመረው አቅራቢ ገና ከጅምሩ ይወድቃል፤ ያሸነፈው ደግሞ አንድ ልጅ ፍላሽ አስይዞ ይልክና ልጁ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞረ ክራኩን፣ ያልተከፈለበትን ሶፍትዌር እንደተከፈለበት የሚያሠራውን መስበሪያ፣ ይጭናል።

ሲጭን አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፣ ክራኩን ቫይረስ ነው ብሎ ስለሚይዝበት። ቀጥሎ ፎልደሩን፣ አንዳንዴም ሲ ድራይቩን እንዳለ፣ እንዳይፈተሽ ያደርገዋል። ከዚያ አፕዴቱን፣ የሶፍትዌሩን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ፣ ይዘጋል። ሠራተኛው ሁሉ ደግሞ የሚገባው ያሻውን መጫንና መቀየር በሚያስችለው በአድሚን ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ በር ከፍቶ መተኛት በሉት። የደመወዝ ዝርዝሩም፣ የደንበኛው መረጃም ያለው እዚያው ላይ ነው!

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን አፕዴት ከለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። አፕዴት ያላደረገው ተመታ። እኛ ግን አፕዴቱን በገዛ እጃችን ዘግተን ነው የምንሠራው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል፤ አፕዴት በመደበኛነት አይለቀቅለትም።

ዶላር የለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሥራት በኦፊስ ምትክ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፣ በነፃ ነው፣ ማንም አይከሳችሁም። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ኡቡንቱም እንደዚያው። አማርኛ ይጻፍባቸዋል። ያለ ዊንዶውስ የማይሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ካለ ለፋይናንስ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ብቻ ላይሰንስ ይገዛል፤ ለሁሉም መግዛት የግድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የአገራችን ልጆች ጉዳይ ነው። ሌሊት ሳይተኙ የሠሩት የደመወዝ ወይም የፋርማሲ ፕሮግራም ለአንድ ቢሮ ይሸጥና በማግስቱ በፍላሽ ተገልብጦ ቅርንጫፉ ሁሉ ጋ ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ሁሉ በቅጂ መብት ይጠብቃል። ሃያ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። ክራክ መጫን እንደ ደንብ በተያዘበት ቢሮ ውስጥ ግን ለማይክሮሶፍት ያልተከፈለ ለሠፈር ልጅ ከየት ይከፈላል?

ስለዚህ ግዥ ክፍሎች፣ በሚቀጥለው ጨረታ የላይሰንሱን ዓይነትና ብዛት ራሱን በቻለ መስመር ጻፉት፣ ዋጋውም ለብቻው ይቅረብ። ነፃ ሶፍትዌር ከሆነ የምትፈልጉት ስሙን ጥቀሱ። ንብረት ክፍልም የንብረት መረከቢያውን ሞዴል 19 ከመቁረጡ በፊት ራሙን እንደሚያረጋግጠው ላይሰንሱንም ያረጋግጥ፤ ከሌለ ዕቃው ስላልተሟላ አይረከብ።

የአይቲ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ