“ሲገኝ አይተዋል?” እንጂ “እንዴት ተገኘ?” ያለኝ የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለብዙ ዓመታት በረቂቅነት ሲነገርለት ስለኖረው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ ሕግ የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። የምጽፍላችሁ ከሕግ ውጭ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ ችሎት ላይ ምን ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድር ጸሐፊነት ግን በእኛ ሰፈር አንድ ያልተጻፈ ግዴታ አለበት። ፖሊስ ቤት ሊበረብር ሲመጣ ለደረጃ ምስክርነት፣ ማለትም ብርበራውን ቆሞ አይቶ ለመፈረም፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ተንኳኳ። “አባባ፣ ለአንድ አፍታ ይምጡልን” አሉኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የሄድነው ባሏ ከሞተባት ጎረቤቴ ቤት ነው። የሚፈለገው የተሰረቀ ወርቅ፣ የተጠረጠረው ደግሞ ልጇ ነበር። ትዕዛዝ ይዛችኋል ወይ ብላ ስትጠይቅ አንደኛው የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ ብቅ አደረገና መልሶ ከተተው። ምን እንደሚል እሷም አላነበበችም፣ እኔም አላነበብኩም። ቁም ሣጥኑ ተገለበጠ፤ የጤፍ ዱቄቱ በርሜል ሳይቀር ተዛቀ። ወርቁ የለም። የልጁ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልኮችና ለእቁብ የተቀመጠ ገንዘብ ግን ተጭነው ሄዱ። ዝርዝሩ የተጻፈው በማግስቱ ጣቢያ ውስጥ ነው። ዕቃዎቹ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁና ሄጄ ፈረምኩ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወራት በኋላ ከሁለቱ ስልኮች አንዱ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ልጁ ተከሰሰ፤ ወርቁን ያነሳው የለም። ችሎት ቀርቤ ማልኩ። ዐቃቤ ሕግ “ስልኩ ከቤቱ ሲገኝ አይተዋል?” አለኝ። አይቻለሁ አልኩ። ሰዓቱን፣ ወረቀቱን፣ በማግስቱ መፈረሜን ልናገር አፌን ስከፍት “አባት፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ” ተባልኩ። የልጁ ተከላካይ ጠበቃም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ ተቀመጠ። ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። ስልኩን ሰርቆት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከርለት አይደለም ይህን የምጽፈው።

ቤቴ ገብቼ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተውሼ አነበብኩ። አንቀጽ 32 እና 33 የዚያን ምሽት ነገር አንድ በአንድ አስቀምጠውታል። ያለ ትዕዛዝ መግባት የሚቻለው ተጠርጣሪው እግር በእግር እየተባረረ ቤት ከገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ትዕዛዝ እስኪወጣ ዕቃው ሊሸሽ ይችላል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለ ነው። ከዚያ ውጭ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ ትዕዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስ ከተጠቀሰው ውጭ እንዲወስድ አይፈቀድለትም። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። የተያዘውም ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርምበታል። ያ ገለልተኛ ሰው እኔ ነበርኩ መሰለኝ!

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የ1923ቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ቤት እንዳይበረበር ይከለክል ነበር። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ቤትን፣ ሰውነትን፣ ንብረትን፣ ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ሳይቀር ይጠብቃል። የጎደለው ሌላ ነው። ፖሊስ ይህን ሁሉ ጥሶ ያመጣው ዕቃ ችሎት ሲደርስ ምን ይሁን? አንቀጽ 32ም ሆነ 33 ስለዚህ አንዲት ቃል የላቸውም።

የሚገርመው አጋጣሚ፣ ሕጋችን በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ጥያቄ መልሶት ነበር። ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ፖሊሶች በቦምብ ጥቃት የሚፈለግ ሰው አለ ብለው ዶልሪ ማፕ የምትባል ሴት ቤት ይሄዳሉ። ጠበቃዋን በስልክ አማክራ፣ ያለ ትዕዛዝ አላስገባም ትላለች። ከሰዓታት በኋላ በዝተው ተመልሰው በሩን ሰብረው ይገባሉ። ትዕዛዝ ነው ብለው ወረቀት ሲያሳዩዋት ነጥቃ ጡቷ ሥር ትወሽቀዋለች፤ ታግለው ይወስዱባታል፣ በካቴና ያስሯታል። ቤቱን ሲያገላብጡ ያገኙት ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍት ናቸው፤ በነሱ ተከሳ ተፈረደባት። ያ ወረቀት ችሎት ላይ ቀርቦ አያውቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፤ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክልል ፍርድ ቤቶችም ቦታ የለውም አለ። ወረቀቱን ከኪስ ብቅ አድርጎ መመለሱ ከክሊቭላንድ እስከ እኛ ሰፈር አንድ ዓይነት መሆኑ ሳልፈልግ አሳቀኝ።

እኛም ጋ ፍንጭ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ላይ “በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም” ይላል። ይህ የሚመለከተው ተገርፎ ወይም ተስፈራርቶ የእምነት ቃል የሰጠን ሰው ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ አንቀጹም የሚናገረው ስለተያዙ ሰዎች ነው። ይሁን። ግን አንዲት መበለት በሌሊት በሯን ከፍታ ስትቆም ፈቅዳ ነው? ሰውየውን አስገድዶ ማናገር ማስረጃውን ካስጣለ፣ ቤቱን አስገድዶ ማገላበጥ ለምን አያስጥልም? የተሰረቀ ስልክ እያወቅኩ ብገዛ ሕጉ እኔንም ከሌባው ጋር ይቀጣኛል። ያለ ሕግ የተወሰደን ዕቃ ኤግዚቢት ብሎ የሚቀበል ችሎትስ?

“ታዲያ ወንጀለኛ በሰዓት ስህተት ይለቀቅ?” የሚሉኝ አሉ፤ እድራችን ውስጥ ቤታቸው የተሰረቀባቸው አባላት በዚህ ጉዳይ ይቆጡኛል። ሁሉም ስህተት እኩል ነው አልልም። ምዝገባው ላይ አንድ ፊርማ ስለጎደለ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ይለቀቅ ብል ሰፈሬም አይታገሰኝም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ፖሊሱ ትክክለኛ መስሎት በቅን ልቦና የሠራበት ትዕዛዝ ጉድለት ቢገኝበት ማስረጃው አይወድቅም ብለው ደንቡን አላልተዋል። ነገር ግን ትዕዛዝ ሳይኖር፣ የሚባረር ሰው ሳይኖር በሌሊት ገብቶ ያልተፈለገ ዕቃ ማውጣት ስህተት አይባልም። ለጣቢያው ምንም ስለማያስከፍለው ነገም ይደግመዋል። ፖሊሱን መክሰስ ይቻላል ይሉናል፤ ያቺ ጎረቤቴ ልጇ ታስሮ ማንን ትክሰስ?

ሕጉ ወደ ተቃራኒው የሄደበትም ጊዜ ነበር። የ2001ዱ የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ለማስረጃነት ይቀርብ ዘንድ ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በ2012 ተሽሯል። በየአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ያለ ትዕዛዝ መፈተሽ ሲፈቀድም የአዋጁ ጊዜ ያልቃል፣ ልማዱ ግን ይቀራል፤ መንገድ ላይ “ስልክህን ክፈት” የተባለ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ስልክ ደግሞ ከአንድ ቁም ሣጥን የበለጠ ሚስጥር ይይዛል።

ረቂቁን የሚያዩ የምክር ቤት አባላት ይህን ጉዳይ በግልጽ ይጻፉልን፤ የትኛው ጥሰት ማስረጃውን እንደሚያስወድቅ፣ ብርበራው ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳቱም ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ እንደሆነ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ትርጉሙ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም፤ ተገቢው ጉዳይ ሲቀርብለት አንቀጽ 26ን ከ19(5) ጋር አብሮ ቢያነበው ይበቃል። ጠበቆችም እባካችሁ ደረጃ ምስክርን ሰዓቱን ጠይቁት። ሌላ ምን ሥራ አለው?

እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ለደረጃ ስጠራ መነጽሬን ይዤ እወጣለሁ፤ ትዕዛዙን ካላነበብኩ አልገባም፤ ከፊርማዬ ጎን ሰዓቱን እጽፋለሁ። ባለፈው አንድ መርማሪ ሰዓቱን አይቶ “አባባ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?” አለኝ። እኔም ገና አላወቅኩም አልኩት።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ